ባለ 2.7 ሜትር ክንፍ የቤንዚን ሞዴል አውሮፕላን ከእንጨት ጀምሮ እንዴት ይሠራል

ትንንሽ የባትሪ አውሮፕላን ለዓመታት ያበረረ ሰው አንድ ቀን ትልቅ ያምረዋል። ክንፉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ሲነሳ እውነተኛ የሞተር ድምፅ ያለው፣ ሰማይ ላይ ሲዞር የማይቸኩል። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። እንጨት ከመምረጥ እስከ መጀመሪያው በረራ አብረን እንሄዳለን። ገና ማብረር በመማር ላይ ያለ ሰው ግን መጀመሪያ በፎም አውሮፕላን እጁን ያፍታታ። ስምንት ኪሎ የሚጠጋ፣ አፍንጫው ላይ 48 ሴንቲሜትር ፕሮፔለር የሚሽከረከርበት ነገር ለመለማመጃ አይሆንም።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቀን መኪና እጠግናለሁ፤ ማታና ቅዳሜ ጋራዤ ውስጥ እንጨት እቆርጣለሁ። ከመኪናው ሥራ ይዤው የመጣሁት አንድ እምነት አለ፦ ቤንዚን ሞተር የተገጠመለት ነገር ሁሉ ቀንደኛ ጠላቱ ንዝረት ነው። ለባትሪ ሞተር የሚበቃ ሙጫ፣ ብሎን፣ ቱቦና ሽቦ እዚህ አይበቃም። ባለ አንድ ሲሊንደር 30 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 7,000 ዙር ገደማ ሲዞር የላላውን ሁሉ ፈልጎ ያገኘዋል። ስለዚህ ብዙ የምንቆየው አፍንጫው ላይ ነው። ጨርቁንና ቀለሙን ቶሎ እናልፈዋለን።

ለምን ከብ?

ለመጀመሪያ ትልቅ አውሮፕላን ፓይፐር ጄ-3 ከብን እመክራለሁ። ያ ቢጫው፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው፣ ክንፉ ከላይ የተቀመጠው። ከ1938 እስከ 1947 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 20,000 የሚጠጋ ተመርቷል፤ አብዛኛው ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሎክ ሄቨን በምትባል ትንሽ ከተማ። ዛሬም የሚበረው ብዙ ነው። ስለዚህ ፎቶና ልክ ማግኘት አያስቸግርም። ሎክ ሄቨን የፓይፐር ሙዚየም አለ፤ በየዓመቱ ጁን ላይም የከብ ባለቤቶች እየበረሩ መጥተው እዚያ ይሰበሰባሉ። ሜትርና ካሜራ ይዞ ሄዶ በትሕትና ማስፈቀድ ነው። ስለ አውሮፕላኑ ሲጠየቅ ደስ የማይለው የከብ ባለቤት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሌላው ምክንያት ቅርጹ ነው። ክንፉ ከጫፎቹ በስተቀር ወርዱ አንድ ስለሆነ ቅርጹን የሚሰጡት ቀጫጭን እንጨቶች፣ ጎድኖቹ፣ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። አንድ ሞዴል ጎድን በደንብ ካወጣችሁ ሌላው መገልበጥ ብቻ ነው። እውነተኛው ገላ ከብረት ቱቦ የተበየደ ነው፤ እኛ ቱቦውን በቀጭን እንጨት እንተካዋለን። መልኩ ሳይቀየር ሥራው ይቀላል።

ልኩን ሩብ እናደርጋለን። እውነተኛው ከብ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 10.74 ሜትር ነው፤ ለአራት ሲካፈል 2.69 ይሆናል። ርዝመቱ 6.83 ነው፤ የእኛ 1.71 ሜትር። የክንፉ ወርድ 1.60 ነው፤ የእኛ 40 ሴንቲሜትር። ርዝመት ለአራት ሲካፈል ስፋት ለ16 ስለሚካፈል፣ የክንፋችን ስፋት አንድ ካሬ ሜትር ከትንሽ ይመጣል። ክብደቱን ከ7 እስከ 8 ኪሎ ውስጥ ከያዝነው በዝግታ ይነሳል፣ በዝግታ ያርፋል። የምንፈልገውም ይህን ነው።

ሐበሻ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «ለምን ፀሐይን አትሠራም?» ይሉኛል። ምኞቴ ነው። ፀሐይ በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራች፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች፣ በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ በ2024 መጀመሪያ ወደ አገሯ የተመለሰች አውሮፕላን ናት። ግን ልኳን ከፎቶ ላይ እያወጡ መሥራት ሌላ ሙያ ይጠይቃል። መጀመሪያ ከብን ሠርቶ እጅን ማሟሸት ይሻላል።

ሕጉን አስቀድሙ

አሜሪካ ላለን ሰዎች ነገሩ ከባድ አይደለም፤ መዝለል ግን አይቻልም። ክብደቱ 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ሞዴል የሚያበር ሰው የአገሪቱ የአቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ኤፍ ኤ ኤ፣ ዘንድ ይመዘገባል። ክፍያው 5 ዶላር ነው፤ ለሦስት ዓመት ያገለግላል፤ ለመዝናኛ ለምታበሯቸው ሁሉ አንዱ ቁጥር ይበቃል። ቁጥሩ አውሮፕላኑ ላይ ከውጭ በሚታይ ቦታ ይጻፋል። ትረስት የሚባል ነፃ የኦንላይን ፈተናም አለ። አውሮፕላኑ ከዓይናችሁ መራቅ የለበትም፤ ቁጥጥር በሌለበት የአየር ክልል ከ400 ጫማ፣ ማለትም ከ120 ሜትር በላይ መውጣትም የለበትም። ማንነቱን በሬዲዮ የሚያሰራጭ ሪሞት አይዲ መግጠም ወይም ፍሪያ ተብሎ በተፈቀደ ሜዳ ላይ ማብረር ግዴታ ነው።

ቀላሉ መንገድ ክለብ መግባት ነው። ከ1936 ጀምሮ ያለውና ዛሬ ማዕከሉ ኢንዲያና ውስጥ መንሲ ከተማ የሆነው የሞዴል አብራሪዎች ማኅበር፣ ኤ ኤም ኤ፣ ለአባላቱ የጉዳት ኢንሹራንስ ይሰጣል። ብዙዎቹ የክለብ ሜዳዎችም በእሱ በኩል የፍሪያ ፈቃድ አላቸው። ከዚህም በላይ፣ ክለብ ውስጥ ይህን ሥራ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ አዛውንቶች አሉ። ገላውን ጨርቅ ሳታለብሱ ወስዳችሁ አሳዩአቸው። በአምስት ደቂቃ የሚነግሯችሁን በወር አታገኙትም።

ለዲሲ አካባቢ ሰዎች የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። በሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ምንም ዓይነት ሞዴልም ሆነ ድሮን ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እዚያ ውስጥ ናቸው። ሰፈር ያለው ሜዳ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን አትሞክሩ፤ መኪና ላይ ጭናችሁ ራቅ ወዳለ ክለብ ሂዱ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ዕቃውን ከማስገባታችሁም ከማብረራችሁም በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

ጠረጴዛውና እንጨቱ

የሩብ ልክ ከብ ሥዕል ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ገዝታችሁ በሙሉ ልኩ አሳትሙትና ወዲያው በሜትር ለኩት። ማተሚያ ማሽን ወረቀቱን በአንድ በኩል ትንሽ ሊስበው ይችላል። ርዝመቱም ወርዱም ሥዕሉ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር መግጠሙን ሳታረጋግጡ መጋዝ አታንሱ።

ጠረጴዛው ቀጥ ካላለ አውሮፕላኑም ቀጥ አይልም። ርካሹ መፍትሔ አዲስ የቤት በር ነው። እጀታው ያልተበሳ፣ ዝርግ በር ግዙና ሁለት መቆሚያ ላይ አጋድሙት። ከጥግ ወደ ጥግ ክር ወጥራችሁ ጎርባጣ መሆን አለመሆኑን እዩ። ሥዕሉን በላዩ ዘርጉ፣ በሥዕሉ ላይ ደግሞ ሙጫ እንዳይዘው ስስ ላስቲክ አልብሱ።

እንጨቱ ሦስት ዓይነት ነው። ባልሳ ለአብዛኛው፣ ስፕሩስ ወይም ባስዉድ ጭነት ለሚሸከመው፣ የበርች ኮምፔርሳቶ ለአፍንጫው። ባልሳ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ክብደቱ በጣም ይለያያል። ቀላሉ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከባዱ ከዚያ እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን እንጨት የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ ክብደቱን በእርሳስ ጻፉበት። ከባዱ ወደ አፍንጫ፣ ቀላሉ ወደ ጭራ። ከብ አፍንጫው አጭር፣ ጭራው ረጅም ነው። ጭራ ላይ የተጨመረ አንድ ግራም ሚዛኑን ለመመለስ አፍንጫ ላይ ሦስት ግራም ገደማ ይጠይቃል። ጭራውን ስትሠሩ ብርጭቆ ወረቀቱን አትሰስቱ።

ገላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዙት አራት ረጃጅም ዘንጎች 9 ሚሊሜትር ካሬ አካባቢ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ረጋ ብላችሁ እንድትሠሩ እፈልጋለሁ። ዘንጎቹን ተራ በተራ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በሞርሳ ያዙ። 80 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ ይውጣ። ጫፉ ላይ አንድ ፒንሳ አንጠልጥሉና ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ ለክታችሁ እንጨቱ ላይ ጻፉ። ከዚያ እኩል የሚወርዱትን ጥንድ ጥንድ አድርጉ። አንዱ ጥንድ የላይኛው ግራና ቀኝ ይሆናል፤ ሌላው የታችኛው። በግራ ጠንካራ በቀኝ ለስላሳ እንጨት ካደረጋችሁ፣ ጭራው ላይ ሁለቱን ጎን ስትገጥሙ ለስላሳው የበለጠ ይታጠፍና ገላው ወደ ጎን ይጣመማል። ከዚያ በኋላ የሚያቃናው ነገር የለም።

ሁለቱን ጎኖች አንዱን በአንዱ ላይ ሥሩ፤ በመሃል ላስቲክ ይግባ። እንዲህ ሲሆን ልዩነት አይኖራቸውም። ከዚያ አቁሟቸው፣ አግዳሚዎቹን አስገቡ፣ መሃል መስመሩን ከአፍንጫ እስከ ጭራ በተወጠረ ክር እያያችሁ አጣብቁ። ለእንጨት ለእንጨቱ ተራው የእንጨት ኮላ ይበቃል። ቶሎ የሚይዘው ሱፐር ግሉ ለጊዜያዊ ማያያዣ ይሁን እንጂ ከክንፉ ወደ ፊት ባለው ክፍል አትመኑት። ሲደርቅ ተሰባሪ ነው፤ ንዝረት ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ወደ ፊት ያለው ሁሉ ቀስ ብሎ በሚደርቅ፣ የ30 ደቂቃ በሚባለው ኢፖክሲ ይያዝ።

አፍንጫው

ሞተሩ የሚታሰርበት ግድግዳ የአውሮፕላኑ ዋና ነገር ነው። ክንፉ ቢቀደድ ይጠገናል፤ ይህ ግድግዳ አየር ላይ ከለቀቀ ግን የሚተርፍ ነገር የለም። ቢያንስ 6 ሚሊሜትር የበርች ኮምፔርሳቶ ይሁን። ወፍራሙን 9 ሚሊሜትር ብታደርጉት አይከፋም፤ አፍንጫው ላይ ክብደት አይጎዳንም።

በሙጫ ብቻ እንዳይቀር። መጀመሪያ ከኢፖክሲ በፊት የሚገናኙትን ፊቶች በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ። ቦታው ላይ አስገብታችሁ በመቆንጠጫ ያዙትና ይደር። ሲደርቅ ከውስጥ በኩል አራቱንም ማዕዘን ሦስት ማዕዘን በሆነ እንጨት ደግፉ። ከዚያ ከውጭ ጎን በቀጭን ፑንታ እየበሳችሁ፣ የጎኑን ኮምፔርሳቶ አልፎ የግድግዳው ውፍረት ውስጥ 2 ሴንቲሜትር የሚገባ ቀዳዳ በየ3 ሴንቲሜትሩ አውጡ። የጥብስ እንጨት፣ ያ የቀርከሃው፣ ልኩ ነው። ኢፖክሲ እየቀባችሁ ምቱትና የተረፈውን ቁረጡ። አሁን ግድግዳው ሙጫው ቢደክም እንኳ በእንጨት ችንካር ተይዟል። መጨረሻ ላይ ግድግዳውንና የነዳጅ ታንኩ የሚቀመጥበትን ክፍል በሙሉ በቀጠነ ኢፖክሲ ቀቡ። ቤንዚንና ዘይት የጠጣ እንጨት ሙጫ አይዝም።

ሞተሩ 26 ወይም 30 ሲሲ ይበቃዋል። የጃፓኑ ዜኖዋ 26 ብዙ ዕድሜ የሚሰጥ ነው፤ ዘሩ ከሣር ማጨጃ ሞተር ይመዘዛል። የቻይናው ዲ ኤል ኢ 30 ቀለል ይላል፤ ለእሱ 18 በ10 ወይም 19 በ8 ኢንች ፕሮፔለር ይገጥማል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። እኔ መለዋወጫውን በቅርብ የማገኝለትን እመርጣለሁ።

ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት አያይም። ፓይለቱ ወንበር ላይ ሆነን ስናይ 2 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ወደ ታች ያያል። ፕሮፔለሩ ሲሽከረከር አውሮፕላኑን ወደ ግራ ስለሚጎትተው ነው። ይህን በሮንዴላ እናደርገዋለን። የሞተሩ እግሮች በ7 ሴንቲሜትር የተራራቁ ከሆነ፣ በግራዎቹ ሁለት እግሮች ሥር 2.4 ሚሊሜትር የሚሆን ሮንዴላ ሲገባ 2 ዲግሪ ይሰጣል። ብዙ ሰው የሚረሳው ቀጣዩን ነው። ሞተሩ ወደ ቀኝ ሲያይ የፕሮፔለሩ መሃል ከአፍንጫው መሃል ወደ ቀኝ ይሸሻል። ከግድግዳው እስከ ፕሮፔለሩ 16 ሴንቲሜትር ካለ ሽሽቱ 5.6 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የብሎኖቹን ቀዳዳ ስትበሱ ሁሉንም በዚያው ልክ ወደ ግራ አሽሹ። ያኔ ፕሮፔለሩ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ አፍንጫውም ያምራል።

ብሎኖቹ የ5 ሚሊሜትር ብረት ይሁኑ። ከኋላ ባለ ጥርስ ዳዶ እንጨቱ ውስጥ ይቀበራል። ሮንዴላው ሰፊ ይሁን፤ ጠባቡ እንጨቱን ይበላዋል። ከብረት ለብረት በሚገናኝበት ሁሉ ብሎን እንዳይላላ የሚይዘውን ሰማያዊ ሎክታይት ጠብ አድርጉ፤ ፕላስቲክ ላይ ግን አታስነኩት፣ ይሰነጥቀዋል። የማርሚታው ብሎን ከሁሉም ቀድሞ የሚላላው ነው። ሙቀትና ንዝረት አንድ ላይ ስለሚያገኙት ጋስኬቱን ደህና አድርጉለት።

የሞተሩን ሽፋን ስትሠሩ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከሚገባበት ሁለት እጥፍ ይሁን። የሞቀ አየር ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ ቀዝቃዛው አይገባም።

ነዳጁ

ከ350 እስከ 450 ሚሊ ሊትር ታንክ ለከብ ይተርፈዋል። ቡሹ ለቤንዚን ተብሎ የተሠራ ይሁን። ሲሊኮን ቱቦ ቤንዚን ውስጥ ያብጣል፣ ይበሰብሳል፤ ቢጫውን ታይጎን ተጠቀሙ። እሱም ቢሆን በጊዜ ይደርቃል፤ በየዓመቱ ቀይሩት። ከታንኩ ሦስት መስመር ይወጣል፦ ወደ ካርቡራተር የሚሄደው፣ መሙያውና መተንፈሻው። መተንፈሻው ታንኩን በላይ ዞሮ ወደ ታች ይውጣ፤ አለበለዚያ አፍንጫው ሲደፋ ቤንዚኑ እየተቀዳ ይፈስሳል። ቱቦው የናስ ቧንቧው ላይ በሚገባበት ቦታ ሁሉ ማሰሪያ ይኑረው። ታንኩ ራሱ በስፖንጅ ተጠቅሎ ይቀመጥ። እንጨት ላይ እየተንቀጠቀጠ ከተቀመጠ ነዳጁ አረፋ ይሆናል፤ ሞተሩም ይንተፋተፋል።

ቅልቅሉ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 33 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት ነው፤ 30 ለ1 ማለት ነው። የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካለ መመሪያውን ስሙ።

እውነተኛው ከብ ላይ ከፊት መስተዋቱ ፊት ለፊት የቆመች ሽቦ አለች። ታንኩ ውስጥ ቡሽ ላይ ተተክላ ነዳጁ ሲቀንስ ወደ ታች ትወርዳለች፤ የፓይለቱ የነዳጅ መለኪያ እሷ ናት። ሞዴሉ ላይ እሷን መትከል አትርሱ። አውሮፕላኑን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው።

ካንዴላና ሬዲዮ

የካንዴላው እሳት ለሬዲዮ ጠላት ነው። ስለዚህ እሳቱን የሚያመነጨው የኢግኒሽኑ ሳጥን፣ ባትሪውና ሽቦው ሁሉ አፍንጫ አካባቢ ይቀመጡ፤ የሬዲዮ ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨርና የእሱ ባትሪ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይራቁ። የካንዴላው ቆብ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ይግባ፤ ላላ ካለ ረብሻ ይለቃል። የጋዙን ዘንግ ከናይለን ሥሩት። ብረት ብረትን እየነካ ሲንቀጠቀጥ እሱም ረብሻ ይፈጥራል።

ኢግኒሽኑን እጃችሁ ላይ ባለው የሬዲዮ ማዘዣ፣ በትራንስሚተሩ፣ የምታጠፉበት መቁረጫ ግጠሙ፤ ከውጭም በእጅ የሚጠፋበት ማብሪያ ይኑረው። ከዚያ ፈትኑት። ጭራውን አሥራችሁ ሞተሩን አስነሱ፣ ትራንስሚተሩን አጥፉ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ይህን ሳታዩ ሜዳ አትሂዱ።

ሰርቮዎቹ፣ መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች፣ የብረት ጥርስ ያላቸው ይሁኑ፤ ጉልበታቸው ከ8 ኪሎ ሴንቲሜትር አይነስ። ከሥራቸው የሚመጣውን ጎማ አታውጡ፤ ንዝረት የሚበላላቸው እሱ ነው። ለጭራው እንደ እውነተኛው በቀጭን የብረት ገመድ መሳብ ይቻላል፤ ክብደትም ይቀንሳል። ሽቦ ከሽቦ የሚገናኝበትን ሶኬት ሁሉ በክር እሰሩ። ለሪሲቨሩ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ማብሪያ። አንዱ ቢሞት ሌላው ያወርደዋል።

ክንፉ

ጎድኖቹ 3 ሚሊሜትር ባልሳ ናቸው፤ በየ8 ሴንቲሜትሩ ይቆማሉ። ስፓር የሚባሉት ዋና ተሸካሚዎች ከላይና ከታች ስፕሩስ ይሁኑ፤ በመሃላቸው ያለው ክፍተት በባልሳ ይደፈን። የዚህ ባልሳ ጭረት ከላይ ወደ ታች ይቁም፤ ወደ ጎን ከተኛ ጥቅሙ ግማሽ አይሆንም።

የክንፉ ጫፍ ከሥሩ ትንሽ ወደ ታች ማየት አለበት። 40 ሴንቲሜትር ወርድ ላይ 2 ዲግሪ ማለት የኋላ ጠርዙ ጫፉ ላይ 14 ሚሊሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። አውሮፕላኑ ሲዘገይ መጀመሪያ የክንፉ ሥር መሸከም ይተዋል፤ ጫፉ ግን እየሠራ ይቆያል። ከብ ማረፊያ ላይ በድንገት ወደ አንድ ጎን የማይወድቀው በዚህ ነው። ሁለቱ ክንፎች አንድ ዓይነት መሆናቸውን ጠረጴዛው ላይ ለኩ።

ክንፉን ከታች የሚደግፉት ዘንጎች ለጌጥ አይደሉም። ጭነት ይሸከማሉ። ጫፎቻቸው በብሎን ይታሰሩ፤ ክንፉ ውስጥ የሚይዙበት እንጨትም በርች ይሁን።

አይለሮኖቹ፣ የክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ ወደ ላይ 25 ሚሊሜትር፣ ወደ ታች 12 ሚሊሜትር ብቻ ይሂዱ። እኩል ከሄዱ ወደ ታች የወረደው አይለሮን አየር ይይዝና አፍንጫውን ወደ ተቃራኒው ይጎትተዋል። ከብ በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው።

ጨርቁ በካውያ የሚጣበቅ ፋብሪክ ይሁን፤ ቢጫው ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ከታች ጀምሩ፣ ወደ ላይ ጨርሱ። ጭራው ላይ ቀለም አታብዙ።

ሚዛኑ

ታንኩ ባዶ ሆኖ፣ ሌላው ሁሉ ተገጥሞ ክንፉን ከታች በሁለት ጣት አንሱት። ከፊት ጠርዙ 11 ወይም 12 ሴንቲሜትር ላይ ሚዛኑን መጠበቅ አለበት። አፍንጫው ትንሽ ቢደፋ ይሻላል፤ ጭራው ከከበደ አትበሩ። መጀመሪያ ባትሪዎቹን ወደ ፊት አዛውሩ፤ ካልበቃ እርሳስ ጨምሩ። በጎንም ሚዛኑን እዩ፤ አንዱ ክንፍ ከከበደ ቀላሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት ይግባ።

ማስነሳት

የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን። ጭራው ይታሰር፤ አንድ ሰው ያዝ ያድርግላችሁ። እጃችሁ ላይ ወፍራም ጓንት ይኑር፤ እጅጌና የሚንጠለጠል ነገር አይኑር። ፕሮፔለሩ ሁለት ጎኑ እኩል መመዘኑን አስቀድማችሁ እዩ፤ ያልተመዘነ ፕሮፔለር እስካሁን የሠራችሁትን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል።

ቾኩን ዝጉ፣ ኢግኒሽኑን አብሩ፣ አንዴ እስኪተኩስ ፕሮፔለሩን ምቱ። ሲተኩስ ቾኩን ክፈቱና እንደገና ምቱ። ሲነሳ ከፕሮፔለሩ ኋላ ሆናችሁ እንጂ ከፊት ወይም ከጎኑ ቆማችሁ አታስተካክሉ። የመጀመሪያዎቹን ሊትሮች ነዳጁ ትንሽ በዝቶ ይሥራ። ሲሟሽ ለከፍተኛው ዙር ያለውን መርፌ እስከ ጫፉ አምጡና ከዚያ 200 ወይም 300 ዙር እስኪቀንስ መልሱት። ዝቅተኛው መርፌ ደግሞ ጋዙን በድንገት ስትሰጡ ሳይንተፋተፍ እንዲነሳ የሚያደርገው ነው። ሥራ ፈት ሲል 1,800 ዙርና ከዚያ በታች ይዙር፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከብ ማረፍ እንቢ ይላል።

በረራው

ነፋስ የሌለበትን ጠዋት ምረጡ። የትራንስሚተሩን ኃይል ዝቅ አድርጋችሁ 30 እርምጃ ራቁና መቆጣጠሪያዎቹን ፈትኑ፤ መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀጥሎ እየሠራ። ሁለተኛው ላይ ብቻ ሰርቮዎቹ ከተርገበገቡ ችግሩ ከካንዴላው ነው፤ አትበሩ። አጠገባችሁ ሌላ አብራሪ ይቁም፤ ሰማዩን የሚያይላችሁ እሱ ነው።

ትንሽ ነፋስ ካለ ፊት ለነፋሱ። ኤሌቬተሩን፣ የጭራውን አግድም መሪ፣ ወደ ላይ ይዛችሁ ጋዙን በቀስታ ስጡ። ሲንደረደር ኤሌቬተሩን ልቀቁለት፤ ጭራው ራሱ ይነሳል። ወደ ግራ ሲሄድባችሁ ራደሩን፣ የጭራውን ቋሚ መሪ፣ በቀኝ ያዙት። ሁለት ሦስተኛ ጋዝ ላይ ራሱ መሬቱን ይለቃል፤ አትጎትቱት። ወደ ላይ ቸኩሎ ማውጣት አያስፈልግም። ስትዞሩ አይለሮንና ራደርን አንድ ላይ ስጡ። በአይለሮን ብቻ ስታዞሩት አፍንጫው ወደ ውጭ ሲሸሽ ታዩታላችሁ።

የመጀመሪያው በረራ አምስት ደቂቃ ይብቃው። ከፍታ ላይ ሆናችሁ ጋዙን ቀንሱና ምን ያህል ሲዘገይ እንደሚደክም እዩ፤ ማረፊያው ላይ ያ ዕውቀት ያስፈልጋችኋል። ለማረፍ ስትመጡ ትንሽ ጋዝ ይዛችሁ ኑ። መሬት ሲቃረብ ጋዙን ዝጉ፣ ኤሌቬተሩን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያዙ።

ሲያርፍ ኢግኒሽኑን አጥፉና ሽፋኑን ክፈቱ። የማርሚታውን፣ የሞተሩን እግርና የፕሮፔለሩን ብሎኖች አንድ በአንድ በመፍቻ ንኩ። ፕሮፔለሩ እንጨት ከሆነ እየተጨመቀ ይሄዳል፤ ብሎኖቹ ጥቂት ዙር ይቀበላሉ። ግድግዳው ከጎኑ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በባትሪ መብራት እዩ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች አውሮፕላኑ ወደ ቤት ይመለስ። ምንም ከሌለ ቤንዚን ሙሉና ለሁለተኛው በረራ ውጡ። ከሁለተኛውም በኋላ መፍቻውን እንደገና አውጡ።